ገዢ የሚያውቀውን ሻጭ ባያውቅ

ሁለት ሰዎች በገበያ ተገናኝተው አንዱ ሲሸጥ ሌላው ሲገዛ፥ ሁለቱም ወደው ከተስማሙና ሚዛኑ ካልተዛባ ግብይቱ የቀና ነው እንላለን። ይህ አነጋገር ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው፤ ሐሰትም የለበትም። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ የዕቃውን ምስጢር ፈጽሞ ዐውቆ ሌላው ሳያውቀው ቢስማሙ፥ ያ ስምምነት ስምምነት ይባላልን? ሚዛንስ ብረቱ ስላልተዛባ ብቻ ቀና ነውን? ዛሬ ከአንባቢ ጋር ልንመረምረው የወደድነው ነገር ይህ ነው፤ ለምርመራውም ምክንያት የሆነን የቡና ንግድ ነው።

ባለፈው የካቲት አንድ ሰው ወደ ቤቴ መጣ። ቀድሞ በቅኔ ቤት ከእኔ ዘንድ የተማረ፥ ኋላ ግን ትምህርቱን ከመንገድ አቋርጦ ንግድ የያዘ ነው። ዛሬ ቡና ከገበሬ እየገዛ ወደ ውጭ አገር ይልካል፤ ከይርጋ ጨፌ በላይ በጌዴኦ ከፍተኛ አገር የቡና ማድረቂያ ስፍራ አለው። እንደ ወትሮው ጉልበት ስሞ ከተቀመጠ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም ነገሩን እንዲህ ሲል አጫወተኝ።

በታኅሣሥ ወር አንድ ሽማግሌ ገበሬ በጓሮው በአልጋ ላይ ካደረቀው ጀንፈል 8 ፈረሱላ ሸጠለት፤ ፈረሱላ ማለት 17 ኪሎ ነው። ዋጋውም የዚያ ቀን የገበያ ዋጋ ነበር። ነጋዴው ከዚያ ላይ ጥቂት ለናሙና አስፈልፍሎ ወደ አዲስ አበባ ወስዶ ቢያስቀምሰው፥ ቀማሾቹ ከመቶ 88 ነጥብ ሰጡት። ናሙናውን ባሕር ማዶ ላለ ደንበኛው ቢልክ፥ ደንበኛው ከተራው ቡና እጅግ የሚበልጥ ዋጋ ሰጠበት፤ «የዚህ ቡና ሌላ ካለ ሁሉንም እወስዳለሁ» ብሎም ጻፈለት። ሽማግሌው ገና 12 ፈረሱላ በቤቱ እንዳለው ነጋዴው ያውቅ ነበርና በጥር ወር ወደ ተራራው ተመልሶ ወጣ። ሽማግሌውም «የዛሬው ገበያ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ነጋዴው የገበያውን ዋጋ ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረው። ሽማግሌው በየኪሎው 2 ብር እንዲጨምርለት ለመነው፤ ጨመረለት። ሽማግሌውም ሁለት እጁን ዘርግቶ መረቀው።

«የኔታ፥ እንቅልፍ የነሣኝ ያ ምርቃት ነው» አለኝ። «ሚዛኔ ቀና ነበር፤ ገበያውንም አልዋሸሁም፤ የለመነኝንም ሰጠሁት። በደሌ ምኑ ላይ ነው?»

ወዲያው ልመልስለት አልቻልሁም። የንግዱን ነገር አላውቅምና አስቀድሞ እርሱ መምህር፥ እኔ ተማሪ ሆነን ነገሩን ከሥሩ እንዲያስረዳኝ አደረግሁ። (በቀድሞ ዘመን ከእኛ ካህናት መካከል ቡና ከመጠጣት የሚርቁ ብዙዎች እንደ ነበሩ የሚያውቅ አንባቢ፥ የቅኔ መምህር ስለ ቡና ጣዕም ሲጽፍ ቢያይ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ።)

ቀማሾች ቡናውን ቈልተው ከፈጩ በኋላ ከ8 ግራም ጥቂት በሚበልጥ ቡና ላይ 150 ሚሊ ሊትር ፍል ውሃ ያፈሱበታል። 4 ደቂቃ ያህል ሲቈይ ላዩ ላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ገፋ አድርገው መዓዛውን ያሸቱታል፤ ሲበርድም በማንኪያ እያነሡ በድምፅ እየሳቡ ፉት ይሉታል። ሽታውን፥ ጣዕሙን፥ ኮምጣጣነቱን፥ በአፍ ውስጥ ያለውን ክብደት፥ ከተዋጠ በኋላ የሚቀረውን ለዛ እየለዩ ነጥብ ይሰጡታል። ከመቶው 80 ያገኘና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ባለ ልዩ ጣዕም ቡና ይባላል። ይህን ስያሜ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ያወጣችው በኖርዌይ ተወልዳ በአሜሪካ የኖረች ኤርና ክኑትሰን የምትባል የቡና ነጋዴ ናት። 80 ደኅና ነው፤ 88 ግን በየቀኑ የሚገኝ አይደለም።

ጣዕሙ ከወዴት ይመጣል ብዬ ጠየቅሁት። ከፊሉ ከአገሩ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር በሚደርስ ስፍራ ብርዱ ፍሬውን ቀስ ብሎ እንዲበስል ያደርገዋል፤ ቀስ ብሎ የበሰለ ፍሬም ጠንካራ፥ ጣዕሙም የተከማቸ ይሆናል። በጌዴኦ ቡናው የሚበቅለው ከእንሰትና ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ይህን የአገሩን አስተራረስ ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከፊሉ ግን ከሰው እጅ ነው። የቀላውን ብቻ መልቀምና አረንጓዴውን መተው፥ ለዚህም ወደ አንዱ ዛፍ ሦስትና አራት ጊዜ መመለስ፤ በአልጋ ላይ አስጥቶ ቀን ቀን ደጋግሞ ማገላበጥ፥ ጤዛ እንዳይነካው ማታ ማታ መሸፈን፥ የተበላሸውን ፍሬ አንድ በአንድ በእጅ መለየት፤ ይህ ሁሉ ሳምንታት የሚፈጅ ድካም ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ይለቀማል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ አድርጓል። መድከሙን ያውቃል፤ ድካሙ ምን እንዳፈራ ግን አያውቅም።

እንግዲህ ይህ ጥያቄ የቈየ ነው ወይስ አዲስ? የቈየም አዲስም ነው። ለረዥም ዘመን ሻጩም ገዢውም አብረው አያውቁም ነበር። የገበሬው ቡና ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፥ ከአቅራቢ ወደ ላኪ ሲያልፍ ከጎረቤቶቹ ቡና ጋር ይቀላቀላል፤ ወደብ በደረሰ ጊዜ የማን እንደ ሆነ የሚናገር አይገኝም። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተቋቁሞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቡና ወደዚያ ሲገባ፥ ዋጋው በገሃድ እንዲታይና ሻጭ ገንዘቡን ሳይጉላላ እንዲቀበል ተደረገ፤ ይህም ትልቅ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ቡናው በአገሩና በደረጃው ተመድቦ ከመሰሉ ጋር ይከመር ስለ ነበር፥ በቀጥታ ይልኩ ከነበሩት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በቀር፥ የአንዱን ገበሬ ቡና ከሌላው ለይቶ ማወቅ የማይቻል ሆነ። በ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይት ዐዋጅ ከወጣ ወዲህ ይህ ላላ፤ ቡናው ምንጩ ሳይጠፋ እስከ ገዢው የሚደርስበት መንገድ ሰፋ።

ብዙ ሰዎች ይህን አይተው፥ ገዢው ለገበሬው ስለ ቀረበ ፍርድ ተገኘ ይላሉ። እኔ ግን በዚህ ሰው ነገር ያየሁት ሌላ ነው። መቅረቡ አዲስ በጎነት እንዳመጣ ሁሉ አዲስ በደልም ይቻል ዘንድ አድርጓል። ቀድሞ ነጋዴው የሽማግሌውን ቡና ለይቶ ስለማያውቅ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። ዛሬ ስሙን ያውቃል፥ ቤቱን ያውቃል፥ ቡናውን ያውቃል፤ በከረጢቱም ላይ የሽማግሌውን ስምና የተራራውን ከፍታ ጽፎ ይሸጣል። ስሙን ለባሕር ማዶ ደንበኛ የነገረ ሰው ነጥቡን ለባለ ስሙ አልነገረም።

ይህን ስነግረው የቀድሞው ዲቁና ፈጽሞ አልጠፋበትምና ወንጌል ጠቀሰብኝ። በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ ያገኘው ሰው እርሻውን ሲገዛ ለባለ እርሻው መች ነገረው? አለኝ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አስቀድሞ ግን ምሳሌ ሁሉ የሚነገርበት ጉዳይ አለው፤ የዚያ ምሳሌ ጉዳይ ሰውዬው ስለ ደስታው ያለውን ሁሉ መሸጡ ነው እንጂ የንግድ ሕግ አይደለም፤ ዐመፀኛው መጋቢ ስለ ብልኅነቱ ቢመሰገን ማጭበርበሩ እንዳልተመሰገነ ሁሉ። ይህን እርሱም ያውቀዋል። የሚበልጠው ሌላው ነው። በዚያ እርሻ የተሰወረውን መዝገብ ባለ እርሻው ደክሞ አላፈራውም። የሽማግሌውን ቡና 88 ያደረሰው ግን የሽማግሌው እጅ ነው። ነጋዴው የተሰወረ መዝገብ አላገኘም፤ የሰውን ሥራ ከሠሪው ቀድሞ ዐወቀ እንጂ። በመጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ ሲገዛ ዕቃውን እያራከሰ ገዝቶ ከሄደ በኋላ ስለሚመካ ሰው የተነገረ አለ። ተማሪዬ አላራከሰም፤ ዝም አለ እንጂ። ዝምታ ማራከስ ይሆናልን?

በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ለዚህ የሚሆን ልማድ አለን። ተማሪ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ ጧት ቅኔውን ለመምህሩ ሲነግር፥ አንዳንድ ጊዜ ከአፉ የወጣው ቃል እርሱ ያላሰበውን ወርቅ ይዞ ይገኛል። ልጁ ሰሙን ዐውቆ ወርቁን ሳያውቅ ተቀኝቷል። መምህሩ ያን ሲሰማ ምን ያደርጋል? በጓደኞቹ ሁሉ ፊት «ይህ ቃልህ እንዲህም ይፈታል» ብሎ ይነግረዋል፤ ልጁም ይደነግጣል፥ ይደሰታልም። ነገር ግን ሰምቶ ዝም ብሎ፥ ልጁንም «ሂድ፥ ደኅና ነው» ብሎ አሰናብቶ፥ በበዓል ቀን በሊቃውንት መካከል ያንኑ የራሱ አድርጎ የሚቀኝ መምህር ቢኖር ምን እንለዋለን? እርግጥ ወርቁን ያየው እርሱ ነው፤ ማየትም ዕውቀት ነው። ነገር ግን ያየው በሌላ ሰው ቃል ውስጥ ነው። ይህን ስነግረው ተማሪዬ አንገቱን ደፋ፤ እርሱ ራሱ በልጅነቱ እንዲህ ያለ ወርቅ የተገኘለት ቀን ነበረና።

ከባሕር ማዶ ሊቃውንትም ይህን ነገር ያነሡ አሉ። ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ በሦስተኛው ክፍል የአንድ ነጋዴን ነገር ያመጣል። ነጋዴው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ረኀብ ወደ ጸናባት ወደ ሮዴስ ደሴት ይደርሳል፤ ሌሎች የእህል መርከቦች በኋላው እየመጡ መሆናቸውን እርሱ ያውቃል፥ የሮዴስ ሰዎች ግን አያውቁም። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ዲዮጋንስ ዘባቢሎን አለመናገር መደበቅ አይደለም ይላል፤ ተማሪው አንቲጳጥሮስ ግን ሊነገራቸው ይገባል ብሎ መምህሩን ይከራከራል፤ ሲሴሮም ከተማሪው ጋር ይቆማል። በዚያ ታሪክ የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ በእኛ ነገር ግን ገዢው ነው። ለዚህም ያው መጽሐፍ ሌላ ታሪክ አለው። ስኬቮላ የተባለ ሮማዊ ርስት ሊገዛ ሽቶ ባለቤቱን ቁርጡን ዋጋ እንዲነግረው ጠየቀው። ባለቤቱ ነገረው። ስኬቮላም እኔ ከዚህ የሚበልጥ ይመስለኛል ብሎ 100,000 ሴስቴርስ ጨምሮ ከፈለው። ሰዎች የስኬቮላን ደግነት አልካዱም፤ ብልኅነቱን ግን ካዱ። ሲሴሮም ደግነትንና ብልኅነትን እንደ ሁለት ነገር መለያየታቸውን ነቀፈ።

ተማሪዬ ሰምቶ ፈገግ አለና «የኔታ፥ ስኬቮላ የባንክ ዕዳ አልነበረበትም» አለኝ።

ከዚህ በኋላ የተናገረውን ሳላሳጥር ላስቀምጠው፤ የክርክሩ ብርቱ ስፍራ እዚህ ነውና። በዚያ ተራራ ላይ ከእርሱ ጋር የሚሻሙ ሌሎች ገዢዎች አሉ። ለሽማግሌው ጧት 88 ቢለው እስከ ማታ መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ በማግሥቱም ከእነዚያ ገዢዎች አንዱ 3 ብር ጨምሮ ቡናውን ይወስደዋል። ያ ሰው ለናሙና አልከፈለም፥ ለቀማሽ አልከፈለም፥ ለገበሬዎቹ የማድረቂያ ሽቦ አላደለም፥ ቀዩን ብቻ ልቀሙ ብሎ አላስተማረም። በሌላ ወገን ደግሞ ዝም ብሎ በርካሽ የሚገዛው ነጋዴ ለውጭ ደንበኛ በርካሽ ይሸጣል፤ ደንበኛውም ወደዚያ ይሄዳል። «እኔ ከንግዱ ብወጣ ሽማግሌው የሚወድቀው ቡናውን ከማይቀምስ ሰው እጅ ነው፤ ያ ሰውም የሚደብቀው ነገር ስለሌለው ንጹሕ ይባላልን?» አለኝ።

ይህ ማመካኛ ብቻ አይደለም፤ እውነት አለበት። የመቅመስ ዕውቀት ድካም ነው፤ ድካምም ዋጋ አለው። ገንዘብ ተበድሮ፥ ቡናውን አጓጉዞ፥ በመንገድ ቢበላሽ ኪሳራውን ተሸክሞ የሚሠራ ሰው ትርፉ ይገባዋል። ዋጋውም እንደ ነፋስ የሚዞር ነው። የቡናን ኮታ በአገሮች መካከል ያከፋፍል የነበረው ዓለም አቀፍ ሥርዐት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ከቀረ ወዲህ፥ በኒው ዮርክ የሚቈረጠው ዋጋ በ2001 ዓ.ም. በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ፥ በ2025 ዓ.ም. በየካቲት ወር ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቷል። በእንዲህ ያለ ባሕር ላይ የሚሄድን ሰው ያለህን ሁሉ ለገበሬው ስጥ ማለት ቀላል ነው፤ የሚለውም ባሕሩን ያላየ ሰው ነው። ደግሞም ለገበሬ የሚነገር እውነት ሁሉ እውነት ሆኖ አይደርስም። በ2020 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የመጀመሪያው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በፓውንድ 185 ዶላር ተሽጧል። ይህን ብቻ ለአንድ ገበሬ ነግሮ ዝም ማለት ሌላ ዐይነት ማታለል ነው፤ ያ ዋጋ በውድድር ለቀረበ ጥቂት ቡና የተሰጠ ነውና።

ይህን ሁሉ ከተቀበልሁለት በኋላ ግን አንድ ነገር ቀረብኝ። ተማሪዬ በዕውቀቱ ደሞዝ ቢቀበል አልነቅፈውም፤ በሽማግሌው አለማወቅ ደሞዝ መቀበሉ ግን ሌላ ነው። እርሱ ሁለቱን አንድ አድርጎ አስቧቸዋል። ገበሬው ከቀዩ እሸት በታች አረንጓዴውን ደብቆ ቢያመጣ ተማሪዬ ምን ይለዋል? ሌባ ይለዋል፥ መልሶም ይሰደዋል፤ ገበሬውም «ሚዛኑ ቀና ነው፥ ገልጠህ ብታይ ኖሮ» ቢል አይሰማውም። ክፉውን ከመልካሙ በታች የሚሸሽግ ሻጭና መልካሙን ከገበያው ዋጋ በታች የሚሸሽግ ገዢ በአንድ መንገድ የሚሄዱ ናቸው።

አገራችንም አንድ ጊዜ በሽማግሌው ስፍራ ቆማ ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፥ ይርጋ ጨፌና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት ሲጠይቅ፥ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩም ብዙ ከተባለበት በኋላ በ2007 ዓ.ም. በሰኔ ወር ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረገ። ያን ጊዜ፥ የስማችንን ዋጋ የሚያውቁ ሰዎች ስለ ምን በእኛ ዝምታ ይጠቀማሉ ብለን ያልተቈጣን የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ያን የተናገርንበት አንደበት ከይርጋ ጨፌ በላይ ወዳለው ተራራ ሲወጣ ስለ ምን ይታሰራል?

ስለዚህ ለተማሪዬ የነገርሁት ይህን ነው፤ ነጥቡን ከዋጋው በፊት ንገረው፥ ከዚያ በኋላ ተከራከሩ። ሽያጩ ገና ካልተፈጸመና ሁሉን አሁን መክፈል ካልቻልህ፥ ደኅና ማኅበራት እንደሚያደርጉት አሁን የገበያውን ከፍለህ ከተሸጠ በኋላ ሁለተኛ ክፍያ ጨምርለት፤ ወጪህንም ሳትደብቅ ቈጥረህ አሳየው። «ቢሄድብኝስ?» አለኝ። ቅድሚያ ገንዘብ ካልተቀበለህና ቃል ካልገባልህ መሄዱ ክሕደት አይደለም፤ ቅድሚያ በልቶብህ ከሄደ ግን እርሱም ይጠየቅበታል አልሁት። ይህ መልስ ተማሪዬን ከኪሳራ እንደማያድነው ዐውቃለሁ። አስቀድሞ ስለ ገዛው 8 ፈረሱላም ጠየቀኝ፤ ሲገዛው እርሱም አላወቀም ነበርና። ዕዳ የለብህም አልሁት፤ በዚህ ላይ ግን አሳቤ አልጸናም፥ እስከ ዛሬም ሳወጣ ሳወርደው እኖራለሁ።

በመጋቢት ወር ተማሪዬ ከዚያው አገር ስልክ ደወለልኝ። ከዚያው ከሽማግሌው ቡና በቀማሾች ልክ የተቈላ ጥቂት ይዞ ወጥቶ በቤቱ አፍልቶ አቀረበለት። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ፉት ብሎ «ልጄ፥ ይህ ገና አልተቈላም፤ ይኮመጥጣል» አለና ጨው አስመጣ። ሚስቱም የተረፈውን ፍሬ ወስዳ እንደገና በምጣድ እስኪጠቁር ቈላችው። እርሱን እየጠጡ ተማሪዬ ሁሉን ነገረው፤ የ12ቱን ፈረሱላ ወጪውን ቈጥሮ የሚደርሰውን ገንዘብ በፊቱ አኖረለት። ሽማግሌው ገንዘቡን አልነካም፤ ሲያስብ ቈየና «ይህ 88 ያልኸኝ ከስንት ነው?» አለው።

«ከመቶ ነው።»

«12ቱን ማን ወሰደው?»